ውሻዋ የክትና የዘወትር ልብስ አትለይም

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። ቡቺ የምንላት፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ክልስ ውሻ አለችን። ቡችላ ሳለች እግራችን ላይ እየተንጠለጠለች ታስቀን ነበር፤ አሁን ግን አድጋ ደረት ላይ ትወጣለች። እኛ የቤት ልብስ ለብሰን ስንሆን ብዙም አይከፋንም፣ እንዲያውም እንደባብሳታለን። ባለፈው እሑድ ግን አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጭ ነጠላቸውን በጭቃ እግሯ አበላሸችባቸው፤ ለጥቂት ተረፉ እንጂ ሊወድቁም ነበር። ማዕድ በቀረበ ቁጥር በረንዳው በር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ስንጠራት አትመጣም፤ በተለይ ጠዋት የምትታሰርበት ሰዓት ሲደርስ ጥበቃችንን ግቢውን ሙሉ ታዞራቸዋለች። ባለቤቴ ከእንግዲህ ወይ ለሰው ትሰጥ፣ ወይ ቀንም ሌሊትም ትታሰር ይላል፤ ልጆቼ ያለቅሳሉ። ለአንድ ወር አሠልጣኝ ዘንድ ልንልካትም አስበናል። ለመሆኑ እንዲህ እልኸኛ ሆና የተፈጠረች ውሻ ትሠለጥናለች?

የአያት አንባቢ

(ደብዳቤው ለዓምዱ እንዲመች አጥሯል።)

መልስ

የተከበሩ አንባቢያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ሐሳቤ የተያዘው በአማትዎ ነጠላ ነበር፤ በሁለተኛው ግን እግረ መንገድዎን የጻፏት በምትመስል አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «የቤት ልብስ ለብሰን ስንሆን ብዙም አይከፋንም፣ እንዲያውም እንደባብሳታለን» ብለዋል። የችግሩ ሥር እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡቺ ሰው ላይ የምትወጣው እልኸኛ ሆና ስለተፈጠረች አይደለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደረታችሁ ላይ ስትወጣ የተደባበሰችበት፣ ስሟ በፍቅር የተጠራበትና ልጆቹ የሳቁላት ያው ሥራ፣ እሑድ ጠዋት በድንገት ጥፋት ሆኖ ይቆጠርባታል። ሰው የክት ልብስና የዘወትር ልብስ ይለያል፤ ነጠላ ነጭ መሆኑን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በዝግታ እንደሚራመድ፣ አማት እንደሚከበሩ ያውቃል። ቡቺ ግን የምትመዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሬን ሳነሣ ምን ተከተለ? ለስድስት ቀን መደባበስ ከተከተለ፣ በሰባተኛው ቀን የሚሰነዘርባትን ጩኸትና ምት እንደ ሕግ ልትረዳው አትችልም። ለእሷ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዱብ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ በቀጥታ ልመልስ። አዎ፣ ትሠለጥናለች። እንዲያውም እስከ ዛሬ ስትሠለጥን ነው የኖረችው፤ ያሠለጠናችኋት ግን ሳታስቡት፣ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ሕግ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ብርቱ እጅ ወይም ረጅም ሰንሰለት ሳይሆን ወጥነት ነው። ወጥነት ስል፣ አንድ ሥራ በየትኛውም ቀን፣ በማንኛውም የቤተሰቡ አባል ፊት፣ በማንኛውም ልብስ ላይ አንድ ዓይነት ምላሽ ያግኝ ማለቴ ነው።

ከማዕዱ ልጀምር፤ ነገሩ ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየው እዚያ ላይ ስለሆነ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን አባባል የምንጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰው ለመናገር ነው፤ ስለ ቡቺ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። በረንዳው በር ላይ የምትጮኸው እዚያ ቦታ ላይ ስለበላች ነው። በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ፣ በፍስክ ቀን የቤት ሠራተኛችሁ አጥንት ትወረውርላታለች፤ አማትዎ ደግሞ «ነፍስ ናት» ብለው ከእንጀራቸው ቆርሰው ይሰጧታል። ረቡዕና ዓርብ ምንም የለም። ባለቤትዎ ቤት ሲሆኑ ደግሞ ማንም አይሰጣትም፣ እንዲያውም ትባረራለች። እናንተ ይህን የምታዩት «ብዙውን ጊዜ እኮ አንሰጣትም» ብላችሁ ይሆናል። ለውሻዋ ግን ከዚህ የበለጠ ተስፋ የማያስቆርጥ ትምህርት የለም። ጾሙንም ፍስኩንም አታውቅም፤ የምታውቀው አንዳንድ ቀን እንደሚገኝና ለማግኘትም መጮኽ እንደሚያስፈልግ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይጦች ዘንግ እየተጫኑ ምግብ የሚያገኙበትን ሙከራ ያካሂድ ነበር። የሚሰጣቸውን እንክብል የሚያዘጋጀው በእጁ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀረውን ቆጥሮ ሲያየው ሰኞ ረፋድ ላይ እንደሚያልቅበት ተገነዘበ። እንክብሉን ለመቆጠብ ሲል፣ ዘንጉ በተጫነ ቁጥር መስጠቱን ትቶ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ አደረገ። አይጦቹ ግን መጫናቸውን አልተዉም። ይህን ተከትለው በመጡት ዓመታት በአይጥም በርግብም በተደጋጋሚ እንደታየው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲካስ (ማለትም ሽልማት ሲያገኝ) የኖረ ልማድ፣ ካሣው ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ፣ ሁልጊዜ ሲካስ ከኖረው ልማድ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የእናንተ ጾምና ፍስክ፣ የባለቤትዎ መኖርና አለመኖር፣ ሳታስቡት የስኪነርን ቅዳሜ በየሳምንቱ ይደግመዋል። በየቀኑ፣ በየማዕዱ ብትሰጧት ኖሮ ልማዱን ማስተዋት ይቀል ነበር ስልዎት ለማጋነን አይደለም።

እንግዲህ መድኃኒቱ በዚያ በር ላይ መስጠትን ፈጽሞ ማቆም ነው። ፈጽሞ ስል በበዓል ቀንም፣ እንግዳ ባለበትም፣ ራስዎን ባመመዎትም ቀን ጭምር ነው። ምግቧ በራሷ ሳህን፣ በራሷ ቦታ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ ይሰጣት። (በዚህ አጋጣሚ ልብ ይበሉ፤ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ወጥ የነካ እንጀራና የዶሮ ወጥ አጥንት ከሥልጠናውም ውጭ ቢሆን ለቡቺ አይበጁም።) አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠነቅቅዎት እወዳለሁ። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ መስጠት ባቆማችሁ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቷ አይቀንስም፣ ይብሳል። ከወትሮው ከፍ አድርጋ ትጮኻለች፣ በሩን ትቧጥጣለች፣ ምናልባትም እስከ ዛሬ ያላሰማችውን ድምፅ ታሰማለች። ይህ ሥልጠናው እንዳልሠራ የሚያሳይ ምልክት አይደለም፤ የለመደችው መንገድ ስለተዘጋባት በሙሉ ኃይሏ እየሞከረችው ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው «በቃ ዛሬን ብቻ» ብሎ ቁራሽ ከወረወረላት፣ የተማረችው መጮኽን ብቻ አይሆንም፤ ምን ያህል ከፍ አድርጎ፣ ምን ያህል ረጅም ጊዜ መጮኽ እንደሚያስፈልግም ጭምር ነው።

ይህን የማውቀው በሥራዬ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በራሴ ቤት ጃክ የሚባል ውሻ ነበረን፤ እሱም እንደ ቡቺ ራት በቀረበ ቁጥር መስኮት ሥር ቆሞ ይጮኽ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምተን መስጠት አቆምን። በስምንተኛው ማታ ጩኸቱ ቀንሶ አንድ ሁለቴ ብቻ ሆነ። በዘጠነኛው ማታ እኔ ከሥራ ደክሜ ገባሁ፤ ልጄ በማግሥቱ ፈተና ነበረባትና ታጠናለች። ጃክ መጮኽ ሲጀምር ለልጄ ጸጥታ ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ግማሽ ዳቦ ጣልኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ሌሊት በኋላ እንደገና ወደ አንድ ሁለቴ ጩኸት ለመመለስ አንድ ወር ገደማ ወሰደብን። ያቺ ግማሽ ዳቦ ያስከፈለችንን ዋጋ ሳስብ፣ ዛሬም ለማንም ሰው ይህን ምክር ስሰጥ በጣም አበክሬ እናገራለሁ።

ወደ ቃላቱ ልለፍ። አማርኛችን ለውሻ ከባድ ቋንቋ ነው፤ ትእዛዛችን በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ይለዋወጣልና። ጥበቃችሁ ከቡቺ በፊት የነበራችሁ ውሻ ወንድ ስለነበር እስከ ዛሬ «ና» እያሉ እንደሚጠሯት ጽፈውልኛል፤ ልጆቹ «ነይ» ይላሉ፤ ትልቁ ልጅዎ በእንግሊዝኛ ይጠራታል፤ ባለቤትዎ ያፏጫሉ። መቀመጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «ተቀመጪ»፣ ሌላው «ቁጭ በይ»፣ ሦስተኛው «ሲት»፣ ሲቆጡ ደግሞ «ኧረ ተቀመጪ እንጂ አንቺ!» ትባላለች። ለእኛ እነዚህ ሁሉ አንድ ትርጉም አላቸው፤ ለእሷ ግን የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አንዱን ድምፅ ከአንድ ሥራ ጋር ለማያያዝ በቂ ድግግሞሽ ከማግኘቷ በፊት ሌላ ይመጣባታል። ምክሬ በጾታ የማይለወጡ አጫጭር ቃላት እንድትመርጡ ነው። «ወደኔ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። «በል» ወይም «በይ» ሳይከተለው «ቁጭ» ብቻውን ይበቃል። ወደ ማረፊያዋ እንድትሄድ «ቦታ» ይበሏት። ሦስት ቃላት ናቸው፤ ከእነዚህ በላይ ለአሁኑ አያስፈልጓትም። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር አንድ የእጅ ምልክት ቢኖር ደግሞ ይመረጣል፤ ውሻ የሰውን እጅና አቋም በጣም ትከታተላለችና። ለ«ቁጭ» መዳፍን ወደ ላይ ማንሣት ከተባለ፣ ሁሉም ሰው መዳፉን ወደ ላይ ያንሣ።

ቃሉም አንድ ጊዜ ብቻ ይባል። «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ አልኩሽ» ከተባለች በሦስተኛው ላይ መቀመጥን ትማራለች። አንድ ጊዜ ይበሉና ይጠብቁ። እንደተቀመጠች ወዲያው፣ በሰከንድ ውስጥ፣ የጥፍር ያህል ቁራሽ ዳቦ ይስጧት። ዘግይቶ የሚመጣ ሽልማት ከመቀመጧ ጋር ሳይሆን ከዚያ በኋላ ካደረገችው፣ ለምሳሌ ከመነሣቷ ጋር ይያያዛል።

አሁን ስትጠራ አለመምጣቷን እንይ። ወጥነት የጎደለው መስሎ የማይታይ፣ ግን ከሁሉ የሚጎዳ ስሕተት የተሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥበቃችሁ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «ና» ብለው ይጠሯትና ያስሯታል፤ የምትፈታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ነገሩን በእሷ ዓይን ይዩት። «ና» የሚለው ቃል፣ ከእሱ በኋላ ሁልጊዜ የሚመጣው ሰንሰለት ነው። ቃሉን በሚገባ ተምራለች ማለት ነው፤ የተማረችው ግን መሸሽን ነው። ሰዎች እሷን «ስትጠራ የማትሰማ» ሲሏት፣ እኔ ደግሞ የሰማችውን በትክክል የተረዳች ውሻ ናት እላለሁ። ስለዚህ «ና»ንም «ነይ»ንም ተዉአቸው፤ ሁለቱም ተበላሽተዋል። በአዲሱ ቃል፣ በ«ወደኔ»፣ ሀ ብላችሁ ጀምሩ፤ ለዚህም አንድ የማይሻር ሕግ ይኑራችሁ፤ ከ«ወደኔ» በኋላ ሰንሰለት፣ መታጠብ፣ መርፌ ወይም ቁጣ ከቶ አይምጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆናችሁ ጥሩአት፤ ስትመጣ ቁራሿን ስጧትና መልሳችሁ ልቀቋት። መልሶ መልቀቁ ከቁራሹ እኩል አስፈላጊ ነው፤ መምጣት የነፃነት ማብቂያ አለመሆኑን የምታየው በዚያ ነው። በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ሰው ዐሥር ጊዜ ያህል ይደገም። ከዚያ ርቀቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ በረንዳ። ጠርታችኋት ካልመጣች ደጋግማችሁ አትጥሩአት፤ ወደ እሷ ጠጋ በሉና ከቅርብ እንደገና ሞክሩ። ማሰሩን በተመለከተ ደግሞ አትጠሯት፤ የጠዋት ምግቧን ሁልጊዜ 1 ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ ባለበት ቦታ አኑሩላት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሷ መጥታ ትጠብቃችኋለች። ጥበቃችሁም ከበላች በኋላ ቀስ ብለው ያስሯታል። የሚቻል ቢሆን ግን ከሰንሰለት ይልቅ ከግቢው አንድ ጥግ በሽቦ ወይም በቆርቆሮ ቢከለልላት በብዙ እጥፍ የተሻለ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስራ የዋለች ውሻ ስትፈታ ሰው ላይ ብትዘል አያስገርምም፤ ባለቤትዎ ያሰቡት የቀንና የሌሊት እስር ችግሩን ያባብሰው እንደሆን እንጂ አያቃልለውም።

ምት ላይ ጥቂት ልበል። ባለቤትዎ «አጥፍታ እኮ ታውቃለች፤ ጆሮዋን ጥላ ጅራቷን ትቆልፋለች» እንደሚሉ ጽፈዋል። ይህ በጣም የተለመደ እምነት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ጠባይ ተመራማሪ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት 14 ውሾችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ፈትናለች። ባለቤቱ ውሻውን የተከለከለ ምግብ እንዳይበላ አዝዞ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። «የጥፋተኝነት መልክ» የምንለው በብዛት የታየው ውሻው ሲበላ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣው ነው፤ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ መልክ አሳይተዋል። ስለዚህ ቡቺ ጆሮዋን ስትጥል የምታነበው የባለቤትዎን ፊት ነው። ከደቂቃዎች በፊት ስላበላሸችው ነጠላ አሁን ብትመታ የምትማረው፣ ሰውየው አንዳንድ ጊዜ እንደሚያስፈራ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት እየተጠራቀመ ሲሄድ ወደ መናከስ ሊመራ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የነጠላ መሆኑ ይቀራል።

ሰው ላይ መውጣቷን ለማስተው የሚያስፈልገው ሕግ አጭር ነው። አራቱም እግሮቿ መሬት ላይ ካሉ ሰላምታ አለ፤ ሁለቱ ከተነሡ ግን የለም። ስትዘልባችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ አትናገሯት፣ አትግፏትም። መግፋት ለእሷ ጨዋታ ነው፤ መቆጣትም ቢሆን ትኩረት መስጠት ነው። እግሯ መሬት እንደነካ ወዲያው ዝቅ ብላችሁ ደረቷን ከሥር ደባብሷት። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ እየጮኹ ስለሚሮጡ ለእነሱ ይከብዳቸዋል፤ «እንደ ዛፍ ቁሙ» በሏቸው፣ ይገባቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ጥበቃችሁ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ገመዷን ይያዙ፤ ለእንግዳ ሁሉ ሕጉን ማስረዳት አይቻልምና፣ ዕድሉን አስቀድሞ መንፈግ ይሻላል። ልምምዱን ደግሞ በዘወትር ልብስ ብቻ አታድርጉት። ከቤት ውስጥ አንድ ያረጀ ነጠላ ፈልጉ፤ እየተፈራረቃችሁ ልበሱትና ከውጭ እንደሚገባ ሰው በበሩ ግቡ። የሚወዛወዘው ጫፍ ራሱ ውሻን ለጨዋታ የሚጋብዝ ነገር ነው፤ ቡቺ ነጠላ ለብሶ በሚገባ ሰው ፊትም ያው ሕግ እንደሚሠራ የምታየው በእውነተኛ ነጠላ ተለማምዳ ነው። ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ቢሆን ይበቃል።

እስካሁን የነገርኩዎት ሁሉ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢፈጽመው ዋጋ የለውም። ውሻዋ የቤቱ ሁሉ ናትና፣ ከባዱ ሥራ ያለው ሰዎቹ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሁሉም ባለበት ተነጋገሩበት፤ ጥበቃችሁና የቤት ሠራተኛችሁም ይቀመጡ። በተለይ ጥበቃችሁ ሌሊቱን ከእሷ ጋር የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ ከሁላችሁም ይልቅ ጠባይዋን ያውቃሉ፤ ትእዛዝ ከመንገርዎ በፊት ምን እንዳስተዋሉ ይጠይቋቸው። አማትዎን በተመለከተ፣ ነገሩን እርስዎ ባያነሡት ይሻላል፤ ለእናታቸው መናገር ያለባቸው ባለቤትዎ ናቸው። አነጋገሩም «አትስጧት» የሚል ከሆነ ርኅራኄያቸውን እንደ ጥፋት የሚቆጥር ይመስላልና ያስከፋል። «ነፍስ ናት» ማለታቸው ትክክል ነው። እንግዲህ ያንን ርኅራኄ ቦታ ስጡት፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ትንሽ ደረቅ ዳቦ በሳህን ይቅረብላቸው፤ «ቁጭ» ብለው፣ ስትቀመጥ ብቻ ይስጧት። በማዕድ ሰዓት መስጠቱን ለመተው የሚከብዳቸው ባዶ እጃቸውን ከቀሩ ነው፤ የራሳቸው የሆነ የመስጫ ሰዓት ካላቸው ግን ይቀላቸዋል። እኔ እንዲያውም ከሁላችሁም የተሻሉ አሠልጣኝ እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ትዕግሥቱም ጊዜውም አላቸውና።

የተስማማችሁባቸውን ሦስቱን ቃላትና ሁለቱን ሕጎች፣ ማለትም በማዕድ በር ላይ እንደማይሰጥና አራቱ እግሮች መሬት ካልነኩ ሰላምታ እንደሌለ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፉት። ዘመድ ለሰንበት ሲመጣ፣ አዲስ ሠራተኛ ስትገባ፣ መጀመሪያ የሚነገራት ይህ ይሁን።

አሠልጣኙን በሚመለከት አጭር ነው መልሴ። ጥሩ አሠልጣኝ በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ሊያስተምራት ይችላል፤ ነገር ግን ስትመለስ የሚቀበላት ያው ቤት፣ ያው ሁለት ዓይነት ሕግ ከሆነ የተማረችው ይጠፋል። ገንዘቡን ልታወጡ ከወሰናችሁ፣ ቡቺን ከምትልኩ አሠልጣኙ ወደ ቤታችሁ ቢመጣና እናንተን ከእሷ ጋር ቢያሠለጥናችሁ እመርጣለሁ። የምትናከስ፣ ወይም ሰው ወደ ሳህኗ ሲጠጋ የምታጉረመርም ከሆነ ግን ይህ ዓምድ አይበቃም፤ የእንስሳት ሐኪም አይቷት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም ታድሶ፣ ባለሙያ በቅርብ ሊከታተላት ይገባል። ደብዳቤዎ እንዲህ ያለ ነገር ስለማያነሣ ደስ ብሎኛል።

አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ልመልስ፤ ዕድሜ ልካችንን ዳቦ ይዘን እንዞራለን ወይ ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። አትዞሩም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ትክክለኛ መቀመጥና መምጣት ይካሳል። ልማዱ ከጸና በኋላ ግን ሽልማቱን መቀነስ ይቻላል፤ አንዴ ዳቦ፣ አንዴ መደባበስ፣ አንዴ «ጎበዝ» ብቻ። ጩኸቷን ለወራት ያቆየው ያ «አንዳንዴ ይገኛል» የሚለው ተስፋ፣ አሁን መቀመጧንና መምጣቷን ያቆይላችኋል። የሚለዋወጠው ግን ሽልማቱ ብቻ ነው፤ ሕጉ ያው ነው። ዳቦ በሌለበት ቀንም ደረት ላይ መውጣት አይፈቀድም።

ለዚህ ሁሉ ስድስት ሳምንት ይስጡት፤ ለባለቤትዎም ውሻዋን ለሰው የመስጠቱን ውሳኔ እስከዚያ እንዲያቆዩት በእኔ ስም ይንገሯቸው። በየቀኑ ማታ በአንድ ደብተር ላይ ስንት ጊዜ እንደጮኸች፣ ስንት ጊዜ ሰው ላይ እንደወጣች፣ ማን ሕጉን እንደረሳ መዝግቡ፤ ሰው በመጥፎዋ ቀን ያለፉትን ዐሥር ደህና ቀናት ይረሳልና፣ ቁጥሩ ያስታውሳችኋል። ከዚያ አንድ እሑድ አማትዎ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጥበቃችሁ ገመዷን ይዘው በሩን ይክፈቱ። አማትዎ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ጥቂት ይቁሙ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቁጭ» ይበሉ፤ ለዚያች ቅጽበት የምትሆን ቁራሽ ዳቦ በኪሳቸው ትኑር። እንዴት እንደሆነ ቢጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።